ወንበርና ሦስት ጠመዝማዛ መስመር

መኪናው ውስጥ ያለ ማብሪያ ተጠቁሞለት «ይሄን እንኳ አላውቀውም» ያለ አባት በዚህች አገር እስካሁን አልተወለደም! ወደፊትም የሚወለድ አይመስለኝም፤ ቢወለድም መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የለም። «ኧረ እኔ እላለሁ» የምትሉ አባቶች ካላችሁ፣ በሉ ልጃችሁን አስከትላችሁ መኪናችሁ ውስጥ ግቡ። ከመሪው በስተግራ፣ ዝቅ ብላ፣ አቧራ የጠገበችው ያቺ ትንሿ… እሷ ምንድን ናት? … እጠብቃለሁ። … አያችሁ?

የእኔ አባት ከመሃል አገር ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ቦንጋ መጥቶ፣ እናቴን አይቶ፣ በዚያው የቀረ ሰው ነው። በሕይወቱ «አልገባኝም» ሲል የምሰማው እማዬ ተናዳ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በካፊኖኖ ስትናገረው ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ይገባዋል፤ አልገባኝም ማለት ስለሚያዋጣው እንጂ።

እንግዲህ ይህ አባቴ መኪና ገዛ። አዲስ እንዳትመስላችሁ! በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ ዕድሜዋን በሰው አገር ስትነዳ ኖራ ጡረታዋን ቦንጋ ልታሳልፍ የመጣች መኪና ናት። «አንቱ» ልንላት ምንም አልቀረን። (በዚህ ወግ ውስጥ የሁሉንም ሰው ስም ቀይሬያለሁ። የመኪናዋን ግን አልቀየርኩም፤ ከኋላዋ የተጻፈው ስም ግማሹ ስለረገፈ እኛም አናውቀውም።)

መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለት አባዬ ሁላችንንም ሰብስቦ ያስጎበኘን ጀመር። «ይሄ ፍሬቻ ነው። ይሄ የዝናብ መጥረጊያ። ይሄ ክላክስ…» ክላክሱን ሦስት ጊዜ አስጮኸው፤ የጎረቤት ውሾች ሁሉ መለሱለት። ሁሉም ነገር ጥሩ ሆኖ ሄዶ ሄዶ ከሬዲዮው ሥር፣ በጋቢናው ወንበር በኩል፣ አንዲት ማብሪያ ላይ ደረስን። ማብሪያዋ ላይ ሥዕል አለ። መደገፊያ ያለው ወንበር ነው። ከወንበሩ መቀመጫ ላይ ሦስት ጠመዝማዛ መስመሮች ወደ ላይ ይወጣሉ። በቃ። (ከጎኗ ሌላ ማብሪያም አለች፤ እሷን ለጊዜው ተዉአት።)

«አባዬ፣ ይቺስ?» አልኩ።

አባዬ ሳል አሳለው። አባቴን ሳል የሚያስለው መልስ ሲጠፋው ነው።

«ይቺ… ይቺማ የጉም ናት!»

«የጉም?»

«መስታወቱ ጉም ሲይዝ ትነኪያታለሽ፣ ጉሙ ይጠፋል።»

«ወንበሩስ ምን ይሠራል?»

«ሹፌሩ የሚቀመጥበት ነዋ! ሰውየው ቆሞ ሊነዳ ኖሯል?»

አጎቴ አድማሱ በዚህ ጊዜ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ሥዕሉን ያጠናል። አድማሱ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ባጃጅ ይነዳል። ስለዚህ ሦስት እግር ስላለው ነገር ሁሉ ያውቃል፤ አራተኛው እግር ደግሞ ብዙም ለውጥ አያመጣም ብሎ ያምናል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግልጽ ነው» አለ። «ወንበር አለ። ከወንበሩ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አለ። ሰው ከሚቀመጥበት ቦታ ወደ ላይ የሚወጣው ምንድን ነው?»

ሁላችንም ወንበሩን አየን።

«ሽታ ነዋ! ሽታ ማስወጫ ናት። ፈረንጅ እኮ የማያስበው ነገር የለም። ባጃጅ ላይ ለምን የለችም? በር ስለሌላት! ባጃጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር ከመናኸሪያ ሳንርቅ ራሱ ወርዶ ይቀራል።»

እኔ ከሳቄ ብዛት የመኪናዋን በር ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ አየችና «እኔን ወንበሩ እየተቃጠለ ነው የሚመስለኝ» አለች።

«ኤዲያ! በገዛ እጁ ወንበሩን የሚያቃጥል ሰው ማን ነው?» አለ አባዬ፤ ሦስታችንም ሳቅንባት። ይህን ሳቅ አስታውሱልኝ።

«ስልክ ይዘሽ ኢንተርኔት ላይ አታዪም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ላየው ነበር! ስልኬን ሳወጣ አባዬ «መኪናዋ የእኔ ናት ወይስ የኢንተርኔት?» አለኝ። መልሱን ስለማውቀው ስልኬን መለስኩት። ያም ሆኖ ደብቄ ፎቶ አንስቼ የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቅቄው ነበር። አንዱ «ቡና ማፍያ ናት» አለ። አንዷ «የኤሌክትሪክ ወንበር ነው፣ እንዳትቀመጪ» አለች። ከዚያ ስለ ኬሚስትሪ ፈተና ማውራት ጀመሩና የእኔ ማብሪያ ተረሳች።

አሁን መኪናዋን እዚያው አቁመን ወደ አጎቴ ልብ እንሂድ።

አድማሱ ማርታ የምትባል የሺሺንዳ ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች። አስተማሪ ናት፤ ታናሽ እህቷ ሰላም ደግሞ ቦንጋ ስለምትማር የእኔ የክፍል ጓደኛ ናት። ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል አይደል? አንድ ሰው ቀርቷል። የማርታ አባት፣ አቶ ሙላቱ። አቶ ሙላቱ ከሰሜን መጥተው ሺሺንዳ ሱቅ ከፍተው የከበሩ፣ ባህል የሚባል ነገር ሲነካባቸው ደግሞ የማይወዱ ሰውዬ ናቸው። የእኛ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቱንም ጊዜ «እናስብበት» ተብለው ተመልሰዋል። ለምን እንደሆነ ማርታ ከውስጥ መረጃ አወጣች። አቶ ሙላቱ ለሚስታቸው እንዲህ ብለዋል፦

«በእኛ አገር ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ወንበር አይነካም። እነዚህ ግን ‹ተቀ…› ስል ተቀምጠዋል፤ ‹…መጡ› የምለውን እንኳ አላስጨረሱኝም! የቡና ዋጋ አውርተው፣ በልተው ጠጥተው፣ ሲወጡ ነው ልጅቷ ትዝ ያለቻቸው። ለልጄ ደቂቃ ያልቆመ ሰው ለትዳሯ ይቆምላታል?»

በዚህ ላይ ከሚዛን አንድ የጭነት መኪና ያለው ሰው ለማርታ ሽማግሌ ሊልክ በሚቀጥለው እሁድ ቀጠሮ ይዟል። የጭነት መኪናና ባጃጅ ደግሞ መንገድ ላይ ሲገናኙ ማን ጠርዝ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የእኛዎቹ ከእሱ በፊት ቅዳሜ ካልተሳካላቸው አጎቴ አለቀለት። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላም። ባጃጁን ተሳፋሪ ሳይጭን ሲነዳ፣ ተሳፋሪ ጭኖም ሳያወርድ ሲያልፍ ተገኘ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ እኛ ግቢ ተሰበሰቡ። ሦስት ናቸው፦ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ፣ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከድር፣ ሦስተኛው አባዬ፤ መኪናዋ የእሱ ስለሆነች። እኔ ሰላምን ልጠይቅ በሚል ሰበብ ከኋላ ገባሁ። (ሰበብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።) አድማሱ ሙሽራ ሊሆን የሚመኝ ሰው ስለሆነ መሄድ አይችልም። ግን ጋሽ ወልዴ ጋቢና ሊገቡ አንድ እግራቸውን ሲያነሱ ሮጦ መጥቶ ጉልበታቸውን ያዘ።

«ጋሽ ወልዴ፣ በፈጠረዎት! ዛሬ እንኳ አይቀመጡ። ‹ተቀመጡ› ቢሉዎትም አይቀመጡ!»

«አድማሱ፣ ልጄ፣ ጉልበቴን ልቀቅ፤ ያመኛል።»

«ትንሽ ብቻ! ‹እሺ› እስኪሉ ድረስ!»

«ስማ፣ እኔ ሽማግሌ የተባልኩት እንድቀመጥ ነው። መቆም ብችል ኖሮ ወጣት ትሉኝ ነበር» አሉና ጋቢናው ውስጥ ዘፍ አሉ። ከክብደታቸው ብዛት መኪናዋ ወደ እሳቸው በኩል አዘነበለች።

አድማሱ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እንዲህ ያለ ፊት የማየው ባጃጁ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲጨርስበት ብቻ ነው።

ከቦንጋ እንደወጣን ዝናቡ ጀመረ። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሲጀምር አያስፈቅድም፣ ሲያቆምም አይሰናበትም። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘጉ። እኔ የኋላውን በስሱ ከፈት ላደርግ ስሞክር ጋሽ ወልዴ ሳይዞሩ «ዝጊው ልጄ፣ ነፋስ ይመታኛል» አሉ። ማጅራታቸው ላይ ዓይን አላቸው እንዴ!

ውሽውሽ ስንደርስ፣ ሻይ ቅጠሉ በግራም በቀኝም አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ተዘርግቶ፣ እኔም «እንዴት ደስ ይላል!» እያልኩ ሳለሁ… እንዴት ብዬ ልንገራችሁ… አንድ ነገር ሆነ። ድምፅ አልነበረውም። ግን ሆነ። ከአራታችን አንዳችን ነን። እኔ አይደለሁም።

ሐጂ ከድር መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸው ላይ አደረጉና «ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል» አሉ። እኔ የሻይ ቅጠሉን ትቼ የራሴን ሹራብ አንገት ማሽተት ጀመርኩ። ጋሽ ወልዴ እንደ ንጉሥ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ። መስኮት መክፈት? ነፋስ ይመታቸዋል! አራት ሰው በአንድ ጊዜ ከሚሞት አንድ ሰው ነፋስ ቢመታው ምን ነበረበት? ግን ማን ይናገር!

በዚያው ሰዓት የፊቱ መስታወት በትንፋሻችን ጉም ያዘ። (አራታችንም ትንፋሻችንን አምቀን ነበር፤ ከየት እንደመጣ እንጃ።) አባዬ በኋላ ማያው መስታወት ውስጥ ሲያየኝ ዓይናችን ተገናኘ። ምን እንዳሰበ ገባኝ። ጉም አለ። ሽታም አለ። የአባዬ ግምት ትክክል ቢሆን፣ የአድማሱም ቢሆን፣ ያቺ ማብሪያ ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣላትም!

አባዬ ሬዲዮ የሚያስተካክል መስሎ እጁን ሰደደና ተጫናት። ትንሽዬ ቢጫ መብራት በራች።

ከዚያ አባዬ መስታወቱን በክርኑ ጠረገ። ዝናቡ አባራ። ጉሙ ጠፋ። ሽታውም መቼም የትም አይቀመጥም፣ ቀስ እያለ ለቀቀን። አባዬ በድል አድራጊነት ጠቀሰኝ። ማብሪያዋ ሁለቱንም ሠርታለች ማለት ነው! እኔም በልቤ «እማዬ ጉዷ ፈላ» አልኩ።

ጥቂት እንደሄድን ጋሽ ወልዴ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ። ከዚያ ወደ ግራ። ከዚያ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨብጠው ከወንበሩ ከፍ አሉና እንደ መጋረጃ ተንጠለጠሉ።

«ምነው ጋሽ ወልዴ? መንገዱ ጎረበጠዎት?» አለ አባዬ።

«ምንም አልሆንኩም!» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ልቁም?»

«ንዳ! ቶሎ ንዳ!»

አባዬ ለአድማሱ ጉዳይ እንዲህ መቆርቆራቸው ልቡን ነካው። እኔንም ነካኝ። ሺሺንዳ ስንደርስ ደግሞ ይባስ ብለው መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ዘለው ወረዱ! ባለፈው ጊዜ ሁለት ሰው ደግፎ ያወረዳቸው ሰውዬ!

እኔ በጓሮ ዞሬ ሰላም ጋ ገባሁ። ሰላም፣ ማርታና እናታቸው እትዬ አልማዝ የሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ተሰልፈዋል፤ ለእኔም ቀዳዳ ለቀቁልኝ። ማርታ ጥፍሯን ጨርሳ ወደ ጣቷ ልትሄድ ነው።

«አባባ ጠዋት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ሰላም በሹክሹክታ። «‹ዛሬም ወንበር ከተሻሙ በቃኝ፤ የሚዛኑን ሰው እሺ እለዋለሁ› አለ።»

ማርታ ዓይኗን ጨፈነች።

አቶ ሙላቱ እጃቸውን ወደ ሶፋው ዘርግተው «እንደምን ሰነበታችሁ፤ በሉ ተቀመጡ» አሉ። ሶፋው ወፍራም፣ ቀይ፣ ባለ ጸጉር ነው። ጋሽ ወልዴ ሶፋውን አዩት። ሶፋውም ያያቸው ይመስላል። ሰውዬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«የለም። አልቀመጥም።»

ሐጂ ከድር ወገባቸውን አጥፈው ግማሽ መንገድ ደርሰው ነበር። ጋሽ ወልዴን ሲያዩ እንደ ስፕሪንግ ተመልሰው ተነሡ። አባዬም ደንግጦ ቀጥ አለ።

«ኧረ ተቀመጡ እንጂ ጋሽ ወልዴ!»

«አልቀመጥም!»

«ኧረ በሞቴ!»

«በእኔም ሞት ቢሆን አልቀመጥም!»

«ጉዳያችሁን አረፍ ብላችሁ…»

«አቶ ሙላቱ!» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «የእኔ ጉዳይ ተቀምጬ የምነግርዎት ጉዳይ አይደለም!»

እትዬ አልማዝ ከመጋረጃው ጀርባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ውይ! ሰውዬው አለቀሱ እኮ! ለባዕድ ልጅ!»

አቶ ሙላቱም ወደ ሶፋው የዘረጉትን እጃቸውን አጠፉ። ጋሽ ወልዴን አዩአቸው። ላቡን አዩ። እንባውን አዩ። አንዴ በአንዱ እግር፣ አንዴ በሌላው እየቆሙ የሚሰቃዩትን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው እሳቸውም ከወንበራቸው ተነሡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ… ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ማርታ እኔን አቀፈችኝ፤ ሰላም መጋረጃውን አቀፈችው፤ እትዬ አልማዝ እልልታቸውን አቀለጡት።

«በሉ አሁን ተቀመጡ!» አሉ አቶ ሙላቱ እየሳቁ።

ጋሽ ወልዴ ሶፋውን በድጋሚ አዩት። ዓይናቸው ዞረ። «ቀኑ… ቀኑ ሳይቆረጥ?» አሉ።

«እንዴ! ዛሬውኑ?»

«ዛሬውኑ!»

አቶ ሙላቱ ከሚስታቸው ተማክረው ተመለሱና ጥር ላይ ቀን ተቆረጠ። «አሁንስ ይቀመጣሉ?» አሉ አቶ ሙላቱ። ጋሽ ወልዴ ጎናቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ማሰብ ጀመሩ። እሳቸው ሰበብ ነው የሚፈልጉት፤ እኛ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን ያየነው ሌላ ነበር፦ ይህ ሰው ለአድማሱ ምንም ሳያስቀር ሊለምን ነው!

«ድግሱስ?» አሉ።

«እኔ እችለዋለሁ!» አሉ አቶ ሙላቱ ደረታቸውን መትተው። «እንደ እርስዎ ያለ ሽማግሌ ለላከብኝ ቤት ድግሱን በሙሉ እኔ ነኝ! አሁን ግን ካልተቀመጡ እኔም እንደቆምኩ ነው!»

አባዬ ጋሽ ወልዴን በክርኑ ነካቸው። ትንሽ ቢቆዩ አቶ ሙላቱ ሱቁንም ሳያስረክቡን አይቀሩም ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን በዚህ ሁሉ መሃል ሳይበርዱ አልቀሩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንቁላል ላይ እንደሚቀመጥ ሰው አረፍ አሉ። ጠበቁ። ምንም የለም። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

ስንመለስ ጋሽ ወልዴ ጋቢናውን አይተው «እኔ ከኋላ ይሻለኛል፣ ልጅቷ ከፊት ትሁን» አሉ። ሰው በጋቢና እምቢ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም፤ ግን ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ሮጬ ገባሁ።

አባዬ ሞተሩን ሲያስነሳ ያቺ ቢጫ መብራትም አብራ በራች፤ ማን ያጠፋታል! ገና ከከተማው ሳንወጣ ከሥሬ የሆነ ሙቀት መጣ። ደነገጥኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። በዚህ ዕድሜዬ! በዚህ ላይ ሐጂ ከድር ከኋላዬ ተቀምጠው! በድብቅ እጄን ከሥሬ አስገብቼ ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። ተመስገን! ግን እየባሰ መጣ። ከዚያም ባሰ። ዳቦ ምጣዱ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው የማውቅ ብቸኛዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ማብሪያዋን አየሁ። ወንበር። ከወንበሩ የሚነሣ ሦስት ጠመዝማዛ መስመር።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ወንበሩ እየነደደ ነው! እማዬ ልክ ነበረች! ማሞቂያ ነው!»

አባዬ ሳል አሳለው።

ከኋላ ደግሞ ጋሽ ወልዴ በዝግታ «ምን አልሽ ልጄ?» አሉ። «ወንበሩ ነው?»

«አዎ ጋሽ ወልዴ፣ ወንበሩ ነው!»

«እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም!»

«ተመስገን አምላኬ!» ብለው በሁለት እጃቸው ጣሪያውን መቱት። «እኔ እኮ ኪንታሮቴ የተነሣብኝ መስሎኝ… ሰው ፊት ምን ብዬ ልናገር! ለገብርኤል ጥላ ተስዬ ነው ያን ሁሉ ሰዓት የቆምኩት!»

ሐጂ ከድር መሐረባቸውን አወጡ። በዚህ ጊዜ ለጉንፋን አይደለም፤ እየሳቁ እንባቸውን ሊጠርጉ ነው። አባዬም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ መኪናዋ ራሷ መንገድ ላይ ተወላገደች። ጋሽ ወልዴ ብቻ ጉልበታቸውን ያሻሹ ጀመር። አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

«ግርማ» አሉት አባቴን። «እስቲ አቁማት። ልጅቷ ወደዚህ ትምጣ። ጉልበቴ ከውሽውሽ ወዲህ ለምን እንዳላመመኝ አሁን ነው የገባኝ። ሲያውቁት እኮ ደስ ይላል!»

ቦንጋ እስክንገባ ድረስ እዚያ ወንበር ላይ እንደ ድመት ተኝተው ሄዱ።

አድማሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አባዬ ሁሉንም ነገረው፦ እሺታውን፣ ቀኑን፣ ድግሱን። አድማሱ «ቆመው ለመኑልኝ?» አለና ጋሽ ወልዴ እግር ላይ ወደቀ። ጋሽ ወልዴ እኔን አዩኝ። እኔ አባዬን አየሁ። አባዬ ሰማይ ሰማዩን አየ።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ፍንክች ሳይሉ። «ላንተ ስል ተቃጠልኩ።»

ቃል በቃል እውነት ስለሆነ ማንም አልተቃወመም።

አሁን ጥር እየደረሰ ነው። ማርታን ከሺሺንዳ የምታመጣው ይቺው የእኛ መኪና እንድትሆን አቶ ሙላቱ ራሳቸው ጠይቀዋል። ስለ ማሞቂያው አያውቁም፤ እናንተም እንዳትነግሯቸው! አባዬ መኪናዋን ሲያጥብ፣ ሲወለውል፣ አበባ የሚታሰርበትን ቦታ ሲለካ ነው የሰነበተው። ትናንት ደግሞ ለአድማሱ ዳሽቦርዱን እንደገና ሲያስጎበኘው፣ ተዉአት ያልኳችሁ ያቺ ከጎን ያለችው ማብሪያ ላይ ደረሱ። ሥዕሏ በረዶ ነው፤ እንደ ኮከብ ጠርዙ የተቀጠቀጠ በረዶ።

«ይቺስ ጋሼ?» አለ አድማሱ።

አባዬ ሳል አሳለው። «ይቺ… ይቺማ…» ብሎ ጣቱን ወደ ማብሪያዋ ሰደደ።

እማዬ ከየት መጣች ሳንል ከጀርባችን ደረሰች። በጥርሷ የቆረጠችውን ፕላስተር ማብሪያዋ ላይ በመስቀል ቅርጽ ለጠፈችባት፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ።

«ሙቀቱ አጋብቷል» አለች። «ቅዝቃዜው ምን እንደሚሠራ ሙሽሮቹ ሳይወርዱ የሚሞክር ካለ ወየውለት!»

የቀረውን በካፊኖኖ ጨረሰችው። አባዬም «አልገባኝም» አለ።